በ53 ገጽ የተለያዩ ሁለት ታሪኮች

በ1924 በዳካ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው የ30 ዓመቱ ሳትየንድራ ናት ቦስ ለአልበርት አይንስታይን ደብዳቤ ጻፈ። ቀኑ ጁን 4 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከደብዳቤው ጋር አጭር ጥናት አያይዟል፤ ጥናቱ የሚረባ መስሎ ከታየው ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ እንዲታተም እንዲረዳው ነበር የለመነው። በዚያን ጊዜ ቦስን አውሮፓ ውስጥ የሚያውቀው አልነበረም ማለት ይቻላል። አይንስታይን ግን ጥናቱን አንብቦ ወደ ጎን አላለውም። ራሱ ተርጉሞ ለመጽሔት ላከው፤ በዚያው ዓመትም ታተመ።

ቦስ የቀየረው አቆጣጠሩን ነው። ሁለት ሳንቲም ብንወረውር አራት ዓይነት ውጤት እንቆጥራለን፦ ሁለቱም ዘውድ፣ ሁለቱም ጎፈር፣ አንደኛው ዘውድ ሁለተኛው ጎፈር፣ አንደኛው ጎፈር ሁለተኛው ዘውድ። የብርሃን ቅንጣቶች ግን “አንደኛው” እና “ሁለተኛው” ተብለው የሚለዩበት ምልክት የላቸውም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠሩና ውጤቱ ሦስት ብቻ ይሆናል። በዚህ አቆጣጠር ሁለቱ ቅንጣቶች በአንድ ዓይነት ሁኔታ የመገኘታቸው ዕድል ከግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ ይላል። አይንስታይን ነገሩን ከብርሃን ወደ አቶም አሻገረው። የአንድ ጋዝ አቶሞች ይህን አቆጣጠር የሚከተሉ ከሆነ፣ ጋዙ እጅግ ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ በጅምላ ወደ አንዲት ዝቅተኛ ሁኔታ ይሰበሰባሉ ብሎ ተነበየ።

በ1925 ቮልፍጋንግ ፓውሊ የዚህን ተቃራኒ ጠባይ አወጣ፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ሁኔታ ውስጥ በፍጹም አይገኙም። በቀጣዩ ዓመት ኤንሪኮ ፌርሚና ፖል ዲራክ በየፊናቸው ለዚህ ጠባይ የራሱን የአቆጣጠር ሕግ ሠሩለት። ከዚያ ወዲህ ቅንጣቶች በሁለት ወገን ተከፈሉ። መሰብሰብ የሚወዱት ቦዞን፣ ቦታ መጋራት የማይፈቅዱት ፌርሚዮን ተባሉ። የብርሃን ቅንጣት ቦዞን ነው፤ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ፌርሚዮን ናቸው። ታዲያ ከብዙ ፌርሚዮኖች የተገነባ ነገር፣ ለምሳሌ የአቶም እምብርት የሆነው ኒውክሊየስ ወይም አቶሙ ራሱ፣ ከየትኛው ወገን ይመደባል? የዚህ ጥያቄ መልስ 80 ዓመት ፈጅቷል።

መጀመሪያ ችግር የፈጠረው የምንተነፍሰው አየር ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ የቁስ አካል መሥሪያ ተብለው የሚታወቁት ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ብቻ ነበሩ። የናይትሮጅን ኒውክሊየስ ክብደቱ 14፣ የኤሌክትሪክ ቻርጁ 7 ነው። ሂሳቡ እንዲሰምር 14 ፕሮቶኖች ያስፈልጋሉ፤ ከነሱ የሰባቱን ቻርጅ ለማጣፋት ደግሞ 7 ኤሌክትሮኖች ኒውክሊየሱ ውስጥ መኖር አለባቸው። ሲደመር 21። ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ከጎዶሎ ቁጥር ፌርሚዮኖች የተሠራ ነገር ፌርሚዮን ይሆናል ተብሎ ይገመት ስለነበር፣ ኒውክሊየሱ እንደ ፌርሚዮን መሆን ነበረበት።

በ1929 የፌርሚ ወዳጅ የነበረው ጣሊያናዊው ፍራንኮ ራሴቲ ፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሜርኩሪ መብራት ብርሃን በናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ አሳልፎ የተበተነውን ብርሃን በፎቶ ሳህን ላይ ቀረጸ። በሳህኑ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን መስመሮች የናይትሮጅን ሞለኪውል የሚሽከረከርባቸውን ፍጥነቶች ያሳያሉ። መስመሮቹ አንዱ ደመቅ፣ ቀጥሎ ያለው ፈዘዝ እያሉ ይፈራረቃሉ። የትኞቹ እንደሚደምቁ የሚወስነው ሞለኪውሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ኒውክሊየሶች የሚከተሉት የአቆጣጠር ሕግ ነው። ጌቲንገን የነበሩት ቫልተር ሃይትለርና ጌርሃርድ ሄርትዝበርግ የራሴቲን ውጤት አይተው የደመቁት መስመሮች የማይጠበቁት እንደሆኑ ተረዱ። የናይትሮጅን ኒውክሊየስ ቦዞን ሆኖ ተገኘ! ሁለቱ ወጣቶች ግራ ቢገባቸው፣ ኤሌክትሮን ኒውክሊየስ ውስጥ ሲገባ በጠቅላላው ጠባይ ላይ ያለውን ድርሻ ያጣ እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደረሱ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም ከፌርሚዮን የተሠራ ነገር ጠባይ በምን እንደሚወሰን በወጉ የተረጋገጠ ማስረጃ ገና በሰፊው አልታወቀም ነበር። ዩጂን ዊግነር በ1929 አውጥቶት የነበረ ቢሆንም የታተመው በሃንጋሪ መጽሔት ነው። በ1931 ፓውል ኤረንፌስትና ሮበርት ኦፐንሃይመር ፊዚካል ሪቪው ላይ ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ነገሩን አጠሩት። ሁለት ተመሳሳይ ጥምር ቅንጣቶችን ቦታ ብናለዋውጥ በውስጣቸው ያሉት ፌርሚዮኖች እያንዳንዳቸው አንድ የመቀነስ ምልክት ያመጣሉ። ቁጥራቸው ለሁለት የሚካፈል ሙሉ ከሆነ ምልክቶቹ ይጠፋፋሉ፣ ጥምሩም ቦዞን ይሆናል። ጎዶሎ ከሆነ ፌርሚዮን ይሆናል። በዚህ ስሌት 21 ቅንጣት ያለው ኒውክሊየስ ቦዞን ሊሆን አይችልም። ስህተቱ ያለው ሕጉ ላይ አልነበረም፤ 21 የሚለው ቁጥር ላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ1932 ጄምስ ቻድዊክ ካምብሪጅ ውስጥ ኒውትሮንን አገኘ። ናይትሮጅን 7 ፕሮቶንና 7 ኒውትሮን ሆነ፤ 14።

የሙሉና የጎዶሎ ሕግ ከዚያ በኋላ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። ኤረንፌስትና ኦፐንሃይመር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነበር። ሕጉ የሚሠራው ጥምሮቹ ተጠጋግተው አንዱ የሌላውን የውስጥ እንቅስቃሴ እስካላወከ ድረስ ብቻ ነው ብለዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው።

ከእነሱ ጽሑፍ አራት ዓመት በኋላ ሌላው ታሪክ ተጀመረ። ሜይ 15 ቀን 1935 በዚያው ፊዚካል ሪቪው አይንስታይን፣ ቦሪስ ፖዶልስኪና ናታን ሮዘን የኳንተም ፊዚክስን ሙሉነት የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጡ። ሁለት ቅንጣቶች ተገናኝተው ከተለያዩ በኋላ የአንዱን ቦታ ብንለካ የሩቁን ቦታ በእርግጠኝነት እናውቃለን። ሞመንተሙን (የክብደቱንና የፍጥነቱን ብዜት) ብንለካም እንደዚሁ የሩቁን ሞመንተም እናውቃለን። ሩቁን ሳንነካው ሁለቱንም ማወቅ ከቻልን፣ ሁለቱም አስቀድሞ እሱ ዘንድ ነበሩ ማለት ነው፤ የኳንተም ፊዚክስ ግን ሁለቱን ባንድነት አይገልጽም፣ ስለዚህ ጎደሎ ነው። ክርክራቸው ይህ ነበር። ብዕሩን የያዘው ፖዶልስኪ ነው፤ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ወሬውን ለኒውዮርክ ታይምስ ያደረሰውም እሱ ነበር። አይንስታይን በዚህ አልተደሰተም፤ ዋናው ሐሳብ በቀመር ብዛት ተውጧል ብሎ ለኤርቪን ሽሮዲንገር በደብዳቤ አማረረ።

ሽሮዲንገር ከናዚ ጀርመን ወጥቶ ኦክስፎርድ ነበር። በዚያው ዓመት ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች ለዚህ የቅንጣቶች ቁርኝት ስም አወጣለት፤ በእንግሊዝኛ ኢንታንግልመንት አለው። የኳንተም ፊዚክስን ከቀድሞው ፊዚክስ የሚለየው ዋና ጠባይ ይኸው ነው ብሎም ጻፈ። ያስደነቀው ነገር እንዲህ ነው። ስለ ጥንዱ ሊታወቅ የሚችለው ሁሉ ታውቆ እያለ፣ ስለ እያንዳንዱ አባል ብቻውን ግን ምንም ላይታወቅ ይችላል። በቀድሞው ፊዚክስ ሙሉውን የሚያውቅ ክፍሉን ያውቃል። በተቆራኙ ቅንጣቶች ዘንድ ይህ ፈረሰ።

እስቲ የሃይድሮጂን አቶምን እንመልከት። አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ነው። አቶሙ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተዘርግቶ የት እንዳለ ባይታወቅም፣ ፕሮቶኑ በተገኘበት ኤሌክትሮኑ ከጎኑ ይገኛል። ይህ ቁርኝት ነው። አቶም ሁሉ በተፈጥሮው የተቆራኘ ነው። ነገር ግን በ1930ዎቹ ቁርኝትን የሚያነሱት ተራርቀው ስለሚገኙ ቅንጣቶች ነበር፤ ተቃቅፈው ስለሚኖሩት ማንም አላሰበም። የጥምር ቅንጣት ጥናት በማቀዝቀዣና በኒውክሊየስ ቤተ ሙከራ ቀጠለ፣ የቁርኝት ጥናት ደግሞ ለፍልስፍና ተተወ።

በማቀዝቀዣው ወገን ድሉ ቶሎ መጣ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1938 ኔቸር መጽሔት ከሞስኮ የፒዮትር ካፒትሳን፣ ከካምብሪጅ የጃክ አለንና የዶን ማይዝነርን ግኝት ባንድ እትም አወጣ። ፈሳሽ ሂሊየም ከ2.17 ኬልቪን በታች ሲቀዘቅዝ በጠባብ ቀዳዳ ያለ ሰበቃ ይፈስሳል። ከናዚ ጀርመን ተሰዶ ፓሪስ የነበረው ፍሪትዝ ለንደን ወዲያው ይህን ከአይንስታይን የ1920ዎቹ ትንበያ ጋር አያያዘው። የሂሊየም አቶም 2 ፕሮቶን፣ 2 ኒውትሮንና 2 ኤሌክትሮን አለው። ስድስት ፌርሚዮን፣ ስለዚህ ቦዞን። አንድ ኒውትሮን የጎደለው ሂሊየም 3 ግን አምስት ፌርሚዮን ነው። የኒውክሌር መሣሪያ ፕሮግራሞች ከትሪቲየም ሂሊየም 3ን ማግኘት ካስቻሉ በኋላ ሲሞከር፣ ተራው ሂሊየም በሚለወጥበት ቅዝቃዜ እሱ ምንም ለውጥ አላሳየም። በአንድ ኒውትሮን ብቻ የሚለያዩ፣ በኬሚስትሪ አንድ የሆኑ ሁለት ፈሳሾች እንዲህ ይለያያሉ። የሙሉና የጎዶሎ ሕግ በዓይን የሚታይ ማረጋገጫ አገኘ።

በቁርኝቱ ወገን በ1949 ችየን ሺዩንግ ዉ እና ተማሪዋ ኢርቪንግ ሻክኖቭ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠሩት ሙከራ የሚገባውን ያህል አይነሳም። ኤሌክትሮንና ጸረ ቅንጣቱ ፖዚትሮን ተገናኝተው ሲጠፋፉ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወጡትን ሁለት የጋማ ጨረሮች ለኩ። ንድፈ ሐሳቡ 2.00 ያለውን የልኬት ንጽጽር 2.04 አገኙት፣ የስህተቱ ወሰን 0.08። በ1957 ዴቪድ ቦምና ያኪር አሃሮኖቭ ይህ ውጤት የአይንስታይንና የባልደረቦቹን ዓይነት ቁርኝት በእውን የሚያሳይ መሆኑን አስረዱ። ዉ ለቁርኝት የሙከራ በር የከፈተች ሰው ናት፣ ታሪኩ ሲነገር ግን ስሟ አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል።

በዚያው በ1957 ኢሊኖይ ውስጥ ጆን ባርዲን፣ ሊዮን ኩፐርና ሮበርት ሽሪፈር አንዳንድ ብረቶች ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ብክነት የሚያስተላልፉበትን ምክንያት አወጡ። በብረቱ አቶሞች ንዝረት አማካይነት ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ጥንድ ሁለት ነው፣ ሁለት ሙሉ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ቦዞን ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን አላሉም። የአንዱ ጥንድ ስፋት ትልቅ ከመሆኑ የተነሳ በዚያው ቦታ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌሎች ጥንዶች ተደራርበው ይኖራሉ። የ1931ዱ ቅድመ ሁኔታ እዚህ ተጥሷል፤ ጥንዶቹ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። የኤምአርአይ ምርመራ ያደረገ ሰው ከሁለቱም ጥምሮች ጋር ተገናኝቷል። በአብዛኞቹ የኤምአርአይ መሣሪያዎች ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት እነዚህ የኤሌክትሮን ጥንዶች ናቸው፤ የሚያቀዘቅዛቸው ደግሞ ያ ባለ ስድስት ፌርሚዮን ሂሊየም ነው።

በ1964 የቤልፋስቱ ተወላጅ ጆን ስቱዋርት ቤል፣ ሥራው ጄኔቫ በሚገኘው የቅንጣት ምርምር ማዕከል በሰርን ቢሆንም ለእረፍት ዓመቱ አሜሪካ ሄዶ ሳለ፣ የአይንስታይንን ክርክር በልኬት ሊዳኝ የሚችል አደረገው። ቅንጣቶቹ ሲለያዩ መልሳቸውን አስቀድመው ይዘው ከሄዱና የሩቅ ልኬት የማይነካቸው ከሆነ፣ የመልሶቻቸው መመሳሰል ሊያልፈው የማይችል ገደብ አለ። የኳንተም ፊዚክስ ይህን ገደብ ያልፋል። ጽሑፉ የወጣው ብዙም ባልቆየ አዲስ መጽሔት ላይ ነው፣ ለዓመታትም እምብዛም አንባቢ አላገኘም። ካነበቡት ጥቂቶች አንዱ የኮሎምቢያው ተማሪ ጆን ክላውዘር ነበር። ክላውዘር አይንስታይን ልክ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሙከራውን ያሰበውም የኳንተም ፊዚክስ ሲወድቅ ለማየት ነው።

1972 ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ክላውዘር በርክሌይ ሄዶ ከዶክትሬት ተማሪው ከስቱዋርት ፍሪድማን ጋር መሣሪያውን ሠራ። የካልሲየም አቶሞች በብርሃን ይቀሰቀሳሉ፣ እያንዳንዱ አቶም በተከታታይ ሁለት ፎቶኖችን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶችን፣ ይለቃል፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ። ግራና ቀኝ የቆሙት ማጣሪያዎች እያንዳንዳቸው በጥንቃቄ የተጋደሙ አሥር የመስታወት ሳህኖች ናቸው። ማጣሪያዎቹን በተለያየ ማዕዘን እያዞሩ ሁለቱም ፎቶኖች ባንድ ጊዜ ያለፉበትን ቁጥር መዘገቡ። ብርቅ ክስተት በመሆኑ ወደ 200 ሰዓት የሚጠጋ ቆጠራ ጠየቀ። ውጤቱ የቤልን ገደብ አለፈ። የኳንተም ፊዚክስ ልክ ነበር፣ ክላውዘር የጠበቀው ሳይሆን ቀረ፣ እሱም ያገኘውን እንዳገኘው አሳተመ።

በሌላው የአሜሪካ ጫፍ፣ ኒውዮርክ ግዛት ባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ዳግላስ ኦሸሮፍ የተባለ ተማሪ ከመምህራኑ ከዴቪድ ሊና ከሮበርት ሪቻርድሰን ጋር በሂሊየም 3 ላይ ይሠራ ነበር። ሂሊየም 3 ከፊሉ ፈሳሽ ከፊሉ ጠጣር ሆኖ ሲጨመቅ ይቀዘቅዛል። ኖቬምበር 1971 ላይ ግፊቱን በወረቀት ላይ ያለማቋረጥ የምትጽፈው ብዕር ከፍጹም ዜሮ በላይ በ2.7 ሺኛ ዲግሪ ገደማ ድንገት አቅጣጫ ቀየረች። ትንሽ መታጠፍ ናት፣ የመሣሪያ ስህተት ተብላ ልትታለፍ ትችል ነበር። ኦሸሮፍ ደጋገመው፤ መታጠፏ በዚያው ቦታ ተመልሳ መጣች። መጀመሪያ ለውጡ በጠጣሩ ክፍል ያለ መሰላቸው፣ እንደዚያም ብለው አሳተሙ። ኤፕሪል ውስጥ በማግኔት መስክ ፈሳሹን ከጠጣሩ የሚለይ ልኬት ሲሠራ ግን፣ ሌሊት ላይ፣ ለውጡ ያለው በፈሳሹ ውስጥ መሆኑ ታየ። ጎዶሎ የሆኑት የሂሊየም 3 አቶሞች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣምረዋል፤ አምስትና አምስት አሥር ነው፣ ሙሉ ቁጥር ነው። ፌርሚዮኑ ፈሳሽ ያለ ሰበቃ መፍሰስ ጀመረ።

የበርክሌዩ የቁርኝት ሙከራና የኮርኔሉ የመጀመሪያ ጽሑፍ የወጡት በአንድ እትም ነው። ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ፣ ቅጽ 28፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1972። የኮርኔሉ በገጽ 885፣ የበርክሌዩ በገጽ 938 ይጀምራል። ሁለቱ ታሪኮች ከዚህ በላይ ሊቀራረቡ አይችሉም ነበር፤ ያም ሆኖ ሁለቱ ጽሑፎች አንዱ ሌላውን የሚመለከት ነገር አልነበራቸውም። እኔ ይህን እትም ከዚህ ሁሉ ታሪክ በላይ እወደዋለሁ።

ቀጥሎ ያሉት ሃያ ዓመታት ሁለቱንም ወገን አጠናከሩ። ፈረንሳዊው አላን አስፔ በ1975 የአዲስ ሙከራ ሐሳቡን ይዞ ጄኔቫ ቤል ዘንድ ሲሄድ፣ ቤል አስቀድሞ የጠየቀው ቋሚ ሥራ እንዳለው ነበር። በዚያን ጊዜ በዚህ ጉዳይ መጠመድ የወጣት ተመራማሪን እንጀራ ሊያሳጣ ይችል ነበርና። አስፔ ሥራ ነበረው። በ1982 ኦርሴ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ከዣን ዳሊባርና ከዤራር ሮዤ ጋር ፎቶኖቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ የልኬቱ አቅጣጫ የሚቀየርበትን ሙከራ ሠራ፤ ገደቡ እንደገና ታለፈ። ጁን 5 ቀን 1995 ደግሞ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ውስጥ ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዋይማን ወደ 2,000 የሚሆኑ የሩቢዲየም አቶሞችን ከፍጹም ዜሮ በላይ በ170 ቢሊዮንኛ ዲግሪ ላይ ወደ አንዲት ሁኔታ ሰበሰቡ። የአይንስታይን ትንበያ ከ70 ዓመት በኋላ በጋዝ ታየ። አንዱ የሩቢዲየም 87 አቶም 37 ፕሮቶን፣ 50 ኒውትሮንና 37 ኤሌክትሮን አለው፤ 124 ፌርሚዮን። 124 ቦታ መጋራት የማይፈቅዱ ቅንጣቶች ተሰብስበው ቦታ መጋራት የሚወድ አንድ አካል ይሆናሉ።

በ1999 በቪየና የአንቶን ዛይሊንገር ቡድን ስልሳ የካርቦን አቶም ያለውን ሞለኪውል በጥቃቅን ስንጥቆች አሳልፎ እንደ ሞገድ ሲደራረብ አሳየ። አንዱ ሞለኪውል 1,080 ፕሮቶን፣ ኒውትሮንና ኤሌክትሮን አለው፤ ሁሉም ባንድነት እንደ አንድ ሞገድ ሄዱ። በ2004 የቪየና ተመራማሪዎች ሰባ ካርቦን ያለውን ሞለኪውል በሌዘር አግለው ላኩት። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሞገዱ ምልክት እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። የጋለው ሞለኪውል በመንገዱ ላይ ፎቶን ይተፋል፤ ያ ፎቶን ሞለኪውሉ በየት በኩል እንዳለፈ የሚናገር መረጃ ይዞ ይወጣል። ሞለኪውሉ ከውጭው ዓለም ጋር ተቆራኘ ማለት ነው፣ የውጭ ቁርኝት ደግሞ የሞገድነቱን ምልክት ያጠፋል። የውስጡ ቁርኝት አንድ ያደርጋል፣ የውጩ ይበትናል።

በ2003 መጨረሻ በኢንስብሩክ ሩዶልፍ ግሪም፣ በቦልደር ደብራ ጂን፣ በማሳቹሴትስ ቮልፍጋንግ ኬተርሌ፣ በሳምንታት ልዩነት፣ ፌርሚዮን የሆኑ አቶሞችን ሁለት ሁለት አጣምረው ጥምሮቹን ወደ አንዲት ሁኔታ ሰበሰቡ። ጂን የተጠቀመችበት ፖታሲየም 40 ባለ 59 ፌርሚዮን ነው፤ ሲጣመር 118። የማግኔት መስኩን በማስተካከል ጥምሮቹን ጠበቅ ወይም ላላ ማድረግ ይቻላል። ጠበቅ ሲሉ እንደ ሩቢዲየሙ አቶም፣ ላላ ብለው ሲደራረቡ እንደ ብረቱ የኤሌክትሮን ጥንዶች ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ድንበር የለም። ጂን በ2016 በ47 ዓመቷ አረፈች። የሙሉና የጎዶሎ ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ እንደሷ ሙከራ በግልጽ ያሳየ የለም። በሁለቱም ጫፍ ቁጥሩ 118 ነው፣ ጠባዩ ግን ይለያያል። ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው?

መልሱ በ2005 መጣ። ሎው የተባለው የሆንግ ኮንግ የቻይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከሁለት ቅንጣቶች የተሠራ ጥምር ቦዞን የሚመስልበትን መጠን ሲያሰላ፣ መለኪያው ሌላ ነገር ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ቁርኝት ሆኖ አገኘው። ቁርኝቱ በበረታ መጠን ጥምሩ ይበልጥ ቦዞን ይሆናል። በ2010 ዊሊያም ዉተርስ ከክሪስቶፈር ቹድዚኪና ከኦሉፎላጂሚ ኦኬ ጋር ይህንን ከላይም ከታችም በጥብቅ ወሰን አረጋገጠው። ዉተርስ ከቁርኝቱ ወገን የመጣ ሰው ነው፤ የኳንተም ሁኔታ እንደማይባዛ በ1982 ካረጋገጡት አንዱ፣ በ1993 የኳንተም ቴሌፖርቴሽንን ካወጡት ስድስት ሰዎች አንዱ ነው። ያ የ1935 ጥናት የ1931ዱን ጥያቄ ሊመልስ መጣ።

ምክንያቱ ሲገባ ያስደስታል። ብዙ ሃይድሮጂን አቶሞች ወደ አንዲት ሁኔታ ቢሰበሰቡ፣ በውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች የፓውሊን ክልከላ አሁንም ማክበር አለባቸው፤ ሁለቱ አንድ ቦታ አይይዙም። ኤሌክትሮኑ ከፕሮቶኑ ጋር አጥብቆ ከተቆራኘ ግን ብቻውን ሲታይ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ሊገኝባቸው የሚችሉ ሁኔታዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ሽሮዲንገር ያስገረመው ይህ የክፍሉ አለመታወቅ ነበር። የሁኔታዎቹ ብዛት ከአቶሞቹ ብዛት በጣም የበለጠ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚበቃ ቦታ ይኖራል፣ ክልከላውም ሳይሰማ ያልፋል፣ አቶሙ እውነተኛ ቦዞን ይመስላል። አቶሞቹ በዝተው የሁኔታዎቹን ብዛት ሲቀርቡ ክልከላው ይነቃል፣ ቦዞንነቱ ይፈርሳል። በግርድፉ ሲሰላ፣ ጎኑ የሚሊሜትር ሺኛ በሆነ ሳጥን ውስጥ ያለ አንድ የሃይድሮጂን አቶም ኤሌክትሮን ሊገኝባቸው የሚችሉት ሁኔታዎች በትሪሊዮን ይቆጠራሉ። የቦልደሮቹ 2,000 አቶሞች ያን ያህል በጸጥታ የተሰበሰቡት ለዚህ ነው። በቀዝቃዛ ብረት ውስጥ የተደራረቡት ጥንዶች ደግሞ ቦታ ያንሳቸዋል። ኤረንፌስትና ኦፐንሃይመር “የውስጥ እንቅስቃሴ ካልታወከ” ሲሉ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ ይኸው ነው። ያኔ የቁርኝት ስም እንኳ አልነበረም።

በ2015 ዴልፍት፣ ኔዘርላንድ ውስጥ በ1.3 ኪሎሜትር በተራራቁ ሁለት አልማዞች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን በማቆራኘት፣ ቀድሞ ለተነሱት የጥርጣሬ ክፍተቶች ቦታ ያልሰጠ የቤል ሙከራ ተሠራ። ገደቡ 2 ሲሆን በ245 ሙከራ 2.42 ተገኘ። በ2022 አስፔ፣ ክላውዘርና ዛይሊንገር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቤል በ1990 በ62 ዓመቱ አርፎ ስለነበር አልደረሰበትም። በ2023 የሰርኑ አትላስ ቡድን በቶፕ ኳርክና በጸረ ቶፕ ኳርክ መካከል ቁርኝት መለካቱን አስታወቀ፤ እነዚህ ቅንጣቶች የሚኖሩት የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ትሪሊዮንኛ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ቁርኝቱ ጎልቶ የታየው ሁለቱ ቀስ ብለው በሚወለዱበት ድንበር ላይ ነው። በ2025 ሌላው የሰርን ቡድን ሲኤምኤስና አትላስ በዚያው ድንበር ላይ ከተጠበቀው በላይ ጥንዶች ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ትርፉ ሁለቱ ለቅጽበት ተያይዘው አንድ ጥምር ይሆናሉ ከሚለው ስሌት ጋር ይስማማል፣ ምርመራውም ቀጥሏል።

በየዩኒቨርሲቲዎቻችን የኳንተም ፊዚክስ የምታስተምሩ መምህራን፣ የሙሉና የጎዶሎን ሕግ ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ የ1931ዱን ቅድመ ሁኔታና የ2005ቱን መልስ አብራችሁ ጻፉ። ተማሪው ቁርኝትን ከኳንተም ሳተላይትና ከኳንተም ኮምፒውተር ወሬ በፊት በእጁ ባለው የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ያግኘው።